ለቤታችን የሚስማማ የንባብ ትምህርት



ወደ ላስታ ደጋ በወጣን ቁጥር ወላጆች አንድ ጥያቄ ያቀርቡልናል። «አባ፣ ልጆቻችን ከትምህርት ገበታ ከራቁ ብዙ ጊዜ ሆናቸው፤ እስኪ ቤት ውስጥ የምናስተምርበትን መጽሐፍ ይምረጡልን» ይሉናል። በዚህ እትም ለጥያቄው በተቻለን መጠን መልስ ለመስጠት እንሞክራለን። መልሳችን ከመጻሕፍት ዝርዝር ይልቅ ስለ ቤታችሁ ጠባይ የሚናገር ሆኖ ብታገኙት አትደነቁ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንናገራለን።

ጥያቄው ከየት እንደ መነጨ ሁላችንም እናውቃለን። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመላው ሀገራችን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ጦርነት መጣ፤ የላሊበላ ከተማ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ከረመች። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ሌላ ግጭት ሲቀሰቀስ ደግሞ በብዙ ወረዳዎች የትምህርት ቤት በር እንደገና ተዘጋ፤ በአማራ ክልል ከትምህርት የራቁት ልጆች በሚሊዮን ተቈጠሩ። እንግዲህ በ2012 ዓ.ም. ፊደል መቍጠር የጀመረ ሕፃን ቁመቱ እናቱን ሊደርስ ሲል እንኳ አንድ ገጽ ሳይደናቀፍ አንብቦ መጨረስ ያልቻለበት ቤት ጥቂት አይደለም። ሴት ልጅ በሆነች ጊዜ ነገሩ ይብስባታል፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ «ምን ትጠብቃለች?» ብሎ ለመዳር የሚቸኩል ዘመድ አይጠፋምና።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። የቤት ንባብ የትምህርት ቤትን ቦታ ይተካል ማለታችን አይደለም። ትምህርት ቤት በተከፈተበት፣ መንገዱም ሰላም በሆነበት ስፍራ ሁሉ ልጅን መላክ የወላጅ ግዴታ ነው። የምንናገረው በሩ ተዘግቶ ሳለ በቤት ውስጥ ስለሚሠራው፣ በሩ ሲከፈትም ቢሆን ሊቀር ስለማይገባው ነገር ነው።

የእኛ ስሕተት

ጥያቄው መጀመሪያ ሲቀርብልን የሰጠነው መልስ ከንቱ ነበር። በዘርአ ክህነት ሳለን ያነበብናቸውንና የወደድናቸውን መጻሕፍት አሰብን፤ 20 ያህል ርእሶች በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍን፤ አባዝተንም ለወላጆች አደልን። ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ እነዚያው ቤቶች ስንመለስ ወረቀቱን በአንዱ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ ተለጥፎ አገኘነው። ከተጻፉት መጻሕፍት አንዱንም ያነበበ ግን አልነበረም። ብዙዎቹ በአካባቢው ገበያ አይገኙም፤ የተገኙትም ከቤቱ አቅም በላይ ናቸው። ከዚህም በላይ ዝርዝሩ የተዘጋጀው መብራት፣ ጸጥታና ማንበብ የሚችል አባት በአንድነት ላሉበት ቤት ነበር። እንዲህ ያለ ቤት በላስታ ስንት ይገኛል? ወረቀቱን የጻፍን ጊዜ ያሰብነው የራሳችንን የንባብ ክፍል እንጂ የእነርሱን ጎጆ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አንድን መጽሐፍ ከመምከራችን በፊት የምንጠይቀው ስለ ቤቱ ሆኗል። ማን ያነባል? በየትኛው ሰዓት ሁሉም አንድ ላይ ይቀመጣሉ? ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነው? ቤቱስ አስቀድሞ የሚያውቀው ምን ታሪክ አለው?

ቤት የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ነው

ይህ አዲስ አሳብ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 እግዚአብሔር ሕዝቡን ሲያዝዝ ቃሉን በቤት ሲቀመጡና በመንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሡ ለልጆቻቸው እንዲያስተምሩ ነገራቸው። የተጠቀሰው ስፍራ ቤትና መንገድ መሆኑን ልብ በሉ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው ሰነድ ወላጆች የልጆቻቸው የመጀመሪያና ዋነኛ አስተማሪዎች መሆናቸውን አስታውቋል። ትምህርት ቤትና ቁምስና የሚያግዟቸው ናቸው፤ ሥራውን ከእጃቸው የሚነጥቁ አይደሉም።

ነገር ግን ግዴታውን መናገር ቀላል ነው፤ እንዴት እንደሚፈጸም የሚያሳይ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ስለ ከንቱ ውዳሴና ስለ ልጆች አስተዳደግ የጻፈውን ለወላጆች ስንተርክ ደስ ይለናል። ይህ አባት በ4ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ገደማ የኖረ ቢሆንም ምክሩ በዚህ ሳምንት ለላስታ ወላጆች የተላከ ይመስላል።

ምክሩ እንዲህ ነው። አባት ማታ፣ ልጁ ከድካሙ ባረፈ ጊዜ፣ የቃየንንና የአቤልን ታሪክ ይንገረው። ሲነግረው ጣፋጭ አድርጎ፣ ልጁ በሚገባው ቃል ይሁን እንጂ እንደ ስብከት አያርዝምበት። እናቱም በአጠገቡ ተቀምጣ ትስማ፤ ታሪኩንም ታድንቅ። በሌላ ምሽት ደግሞ አባት ራሱ መናገሩን ትቶ ልጁን «እስኪ ያንን ታሪክ ንገረኝ» ይበለው። ልጁ ታሪኩን መልሶ መናገር ከቻለ በኋላ ነው ትርጉሙ የሚነገረው። ቀጥሎ ወደ ያዕቆብና ኤሳው ታሪክ ይለፍ። ያ ታሪክ በቤተ ክርስቲያን በሚነበብበት ቀንም ልጁን እጁን ይዞ ይውሰደው፤ ሌላው ሕዝብ የማያውቀውን እርሱ አስቀድሞ በማወቁ ሕፃኑ በደስታ ይዘላል።

ቅዱሱ ስለ ዕድሜም አልዘነጋም። የጥፋት ውኃንና የሰዶምን ታሪክ 8 ወይም 10 ዓመት ለሆነው፣ ከዚያም በታች ላለው ልጅ ንገሩ ይላል፤ የገሃነምን ነገር ግን 15 ዓመት እስኪሞላው ድረስ አቆዩለት ብሎ ይመክራል። በሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ እሳቱን የምናነድ መምህራን ይህን ደጋግመን ብናነበው መልካም ነው። እኛም ራሳችንን አናወጣም።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያሉትን ነገሮች ተመልከቱ፦ አንድ ታሪክ፣ አንድ ሰዓት፣ የሚሰማ ቤተሰብ፣ መልሶ የሚናገር ልጅ። ወረቀትና ቀለም እንኳ አላስፈለገም።

ከአባቶቻችን ሥርዓት ምን እንውሰድ?

የላስታ ሰው «የመጻሕፍት ትምህርት» ሲባል እንግዳ አይደለም። አብያተ ክርስቲያናቱን ከአንድ ዐለት የፈለፈለው ሕዝብ ከፊደል ገበታ እስከ ቅኔ ቤት የሚያደርስ የትምህርት ሥርዓት ነበረው፤ በጎረቤታችን በዋድላ የቅኔ ቤት ስም የታወቀ ነው። በእኅት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የኔታ ዘንድ ልጅ ፊደሉን ለይቶ፣ አቡጊዳውን አጥንቶ፣ ከዚያ በመልእክተ ዮሐንስ ንባብ ይጀምራል። መልእክቱ ሲያልቅ ወንጌል፣ ከወንጌል በኋላ ዳዊት ይቀጥላል። ልጅ ዳዊት በደገመ ቀን ወላጆች እንደ አቅማቸው ደግሰው የኔታን ያመሰግናሉ። የግእዙን ሥርዓት የምንጋራ እኛ ካቶሊካውያንም ብዙዎቻችን በዚሁ መንገድ ካለፉ አባቶች የተወለድን ነን።

ከዚህ ሥርዓት የሚወሰደው ብዙ ነው። ጥቂት መጻሕፍትን ደጋግሞ ማንበብ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ንባብን በድምፅና በዜማ ወደ ጆሮ ማስገባት፣ አንድን መጽሐፍ መጨረስን እንደ በዓል ማክበር፤ እነዚህ ሁሉ ዛሬም ለቤት ይስማማሉ። ልጁ የሚያነበውን ግእዝ ሳይረዳ ለዓመታት መቆየቱን ግን ቤት ውስጥ መድገም አያስፈልገንም። አለንጋውንም የኔታ ደጃፍ ላይ እንተወው። ከዱላ ጋር የተማሩትን መጽሐፍ ሲያድጉ በፍቅር የሚያነሡት ጥቂቶች ብቻ ናቸው።

በአንድ ቤት ያየነው

ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ ያለ አንድ ቤት ነገሩን አስተምሮናል። አባት እንግዶችን እያስጐበኘ ይኖር የነበረ ነው፤ ጎብኚ በመቅረቱ ሥራው ተቋርጦበታል። እናት ፊደል አልቈጠሩም። አያት ከሰቆጣ በኩል የመጡ ስለሆኑ ሲቆጡም ሲመርቁም ኽምጣኛ ይቀላቅላሉ። ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ የ14 ዓመት ሴት፣ የ10 ዓመት ወንድና የ6 ዓመት ሕፃን።

እናትየዋ «አባ፣ እኔ ደንቆሮ ነኝ፤ ምን ላስተምር?» አሉን። አባትም በበኩሉ በቀን የቀን ሥራ እየፈለገ ስለሚውል ማታ ማንበብ ይከብደዋል። ታዲያ ሁሉም አንድ ላይ የሚቀመጡበት ሰዓት የትኛው እንደ ሆነ ጠየቅን። መልሱ ቡና ነበር። ጧት ሥራ ስላለ አይሆንም፤ ከሰዓት በኋላ ግን ቡና ሲፈላ አያት አይነሡም፣ ትልቋ ልጅ ታፈላለች፣ ወንዱም ከብቱን አስገብቶ ይመጣል። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ለአንድ ምዕራፍ ይበቃል።

መጽሐፍ ይዛ የምታነበው ትልቋ ልጅ እንድትሆን ተስማማን፤ በዚያ ሰዓት ጀበናውን ወንድሟ እንዲይዝላትም እንዲሁ። ይህ ሁለተኛው ቀላል አልነበረም፤ አያት «ወንድ ልጅ ጀበና?» ብለው ሳቁ። ሆኖም ሴት ልጅ ውኃ ስትቀዳና ቡና ስታፈላ ንባቡ በወንዶች ዙሪያ የሚያልፍ ከሆነ የቤት ትምህርት የተባለው ለእርሷ ሌላ ሥራ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ነገር ጸናን።

የመረጥንላቸው መጽሐፈ ጦቢትን ነበር። በብሉይ ኪዳን ውስጥ ካሉት ታሪኮች ለቤተሰብ እንደዚህ የሚስማማ የለም ብለን እናምናለን። ዐይኑ የጠፋ አባት አለ፤ የምትሠራና አንዳንዴም የምትመረር እናት አለች፤ ረጅም መንገድ የሚሄድ ልጅ፣ ማንነቱ የማይታወቅ የመንገድ ጓደኛ፣ ዓሣ፣ ከኋላ የሚከተል ውሻም አለ። 14 ምዕራፍ ብቻ ስለሆነም በአንድ ወር ውስጥ ያልቃል።

ያልጠበቅነው ነገር የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። በተመለስን ጊዜ ታሪኩን ከሁሉ አጥርቶ የተረከልን የ10 ዓመቱ ልጅ ሆነ። ምክንያቱን ስንመረምር እናቱን አገኘን። እናትየዋ ማንበብ ስለማይችሉ፣ ንባቡም ሲሄድ ለቁርስ የሚሆነውን ቆሎ ሲያምሱ አንዳንዱ ስለሚያመልጣቸው፣ ማታ ልጁን «ከዚያስ? ውሻውስ የት ደረሰ?» እያሉ ይጠይቁታል። ጥያቄያቸው የፈተና ጥያቄ አይደለም፤ በእውነት ማወቅ ፈልገው ነው። መጽሐፉን ገልጠው ማረም ስለማይችሉም ልጁ ታሪኩን በሙሉ፣ በሥርዓቱና በራሱ ቃል መናገር ግድ ሆነበት። ማንበብ የሚችል አባት ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ አቋርጦ ያርመው ነበር።

«ደንቆሮ ነኝ» ያሉት እናት የቤቱ ዋነኛ አስተማሪ ሆኑ። ይህን ያልንላቸው ጊዜ ግን አላመኑንም።

ምን ይነበብ?

ታናናሾቹ ፊደል እስኪለዩ ድረስ የተረት ዘመን ነው። 231ዱን የፊደል ሆሄያት በአንድ ወር ለማስጨረስ መቸኮል አያስፈልግም፤ ሕፃኑ አስቀድሞ ታሪክን የሚወድ ከሆነ ፊደሉን ራሱ ይፈልገዋል። የአያት ተረትና እንቆቅልሽ እዚህ ላይ ትልቅ ቦታ አላቸው። ከላይ በጠቀስነው ቤት አያትየዋ ተረቱን በኽምጣኛ እንዲነግሩ ለመንናቸው። «ልጆቹ ያፍሩበታል» ብለው ነበር፤ አላፈሩም። ልጅ በአያቱ ቋንቋ የሰማው ተረት በአማርኛ ንባቡ ላይ የሚጨምረው እንጂ የሚቀንሰው ነገር የለም።

የላሊበላ ልጆች በደጃቸው ያለውን መጽሐፍም አይርሱት። ገድሉ እንደሚለው ንጉሡ ሲወለድ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም ንቦቹ ንግሥናውን ዐወቁ አለች። ይህን ታሪክ አባት ቤት ውስጥ ነግሮ በማግስቱ ልጁን ቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቢያቆመው ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ያለው ደስታ ይፈጸማል። ከፍ ላሉት ደግሞ ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ፣ የሚያምነኝ የለም ብሎ ሰግቶ እንደ ጻፈና መጽሐፉም በ1540 እንደ ታተመ ይነገራቸው። አስጐብኚ የነበረው አባት ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ለባዕድ ሲናገር ኖሯል፤ ለገዛ ልጆቹ በአማርኛ ተናግሮት እንደማያውቅ ሲገነዘብ ራሱን ይዞ ሳቀ።

ማንበብ ለጀመሩት የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» እስካሁን ተወዳዳሪ አላገኘንለትም። አጭር ነው፤ ግጥሙ በአፍ ይቀራል፤ ለአንድ ምሽት አንድ ምሳሌ ይበቃል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት»ም ከተገኘ መልካም ነው። የአለቃ ገብረ ሐና ቀልዶች ልጆችን በእጅጉ ያስቃሉ፤ ነገር ግን ወላጅ አስቀድሞ ያንብባቸው፤ ሁሉም ለልጅ ጆሮ የተባሉ አይደሉም።

ከቅዱሳን ሕይወት የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን ታሪክ እንመርጣለን። ይህ የጎጃም መነኩሴ የምንኵስናን ታሪክ ለማወቅ ከገዳም ወደ ገዳም መጽሐፍ ፍለጋ የተንከራተተ ሰው ነው። በኋላ ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ ጋር ተገናኝቶ የካቶሊክ እምነትን ተቀበለ፤ እ.ኤ.አ. በ1855 በእስራት ሳለ ዐረፈ፤ በ1926 ብፁዕ ተባለ። አንድ መጽሐፍ ለማየት የቀናት መንገድ የተጓዘ ሰው መኖሩን መስማት መጽሐፍ ለሌለው ልጅ ትርጉም አለው። ሆኖም ከኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችን ጋር በፍቅር ስለምንኖር የዘመኑን ክርክር ትተን የሰውየውን የእውነት ፍለጋ እንተርክ።

ለ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት «ፍቅር እስከ መቃብር» ጊዜው ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ የቆሎ ተማሪን ኑሮና የባላባትን ትዕቢት አንድ ላይ ያሳያል። ካህናትን የሚነቅፍ ቦታ ስላለው የሚጠሉት አሉ፤ እኛ ግን ካህን ሆነን እንኳ ልጆች እንዲያነቡት እንመክራለን። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ጭምር ሬዲዮ ከብቦ ያዳመጠው መጽሐፍ ነው፤ ጮክ ብሎ ማንበብ ለሕፃናት ብቻ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አናውቅም። ሌላው መንግሥቱ ለማ የአባቱን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብሎ የጻፈው «መጽሐፈ ትዝታ» ነው። አባት ይናገራል፤ ልጅ ይጽፋል። ጎበዝ የሆነ ልጅ ይህን ካነበበ በኋላ ደብተር ይዞ ከአያቱ አጠገብ ቢቀመጥ ቤቱ የራሱን መጽሐፍ ጀመረ ማለት ነው።

ከውጭ ስለሚመጣው ፕሮግራም

በውጭ ሀገር የሚኖሩ ዘመዶች ልጆችን በቤት የሚያስተምሩ ወላጆች የሚጠቀሙበትን የተዘጋጀ ፕሮግራም በካርቶን የሚልኩበት ጊዜ አለ። በአሜሪካ በዚህ መንገድ የሚማሩ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ከፕሮግራሞቹም ብዙዎቹ በእንግሊዛዊቷ አስተማሪ በሻርሎት ሜሰን (1842–1923) አሳብ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። እርሷም እ.ኤ.አ. በ1886 ስለ ቤት ትምህርት ባሳተመችው መጽሐፍና በኋላ በጻፈቻቸው ልጆች ከደረቅ የመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ሕይወት ያለው መጽሐፍ እንዲነበብላቸው፣ ትምህርቱ አጭር እንዲሆን፣ ልጁም የሰማውን በራሱ ቃል እንዲተርክ መከረች። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ከዚህ በፊት የሰማኸው አይመስልህም?

እንዲህ ያለ ካርቶን በአንድ ቤት ተከፍቶ አይተናል። መጻሕፍቱ ያማሩ ነበሩ፤ ስለ በረዶና ስለ ቀበሮ አደን የሚናገሩ፣ ለየቀኑም የሚነበበው በሰሌዳ የተመደበላቸው። ወላጆቹ እንግሊዝኛው ከበዳቸው፤ በ3ኛው ሳምንት ከሰሌዳው ወደ ኋላ ቀሩ፤ በ5ኛው ሳምንት «እኛ አንችልም» ብለው ካርቶኑን አልጋ ሥር አስገቡት። እኛ የምንለው ሰሌዳውን ተዉት፣ ዘዴውን ግን ውሰዱት ነው። ሥዕል ያለባቸውን መጻሕፍት አውጥታችሁ ሥዕሉን እያያችሁ በአማርኛ ተርኩ። ዘመዶቻችሁንም ደብዳቤ በጻፋችሁ ጊዜ በሚቀጥለው የአማርኛ መጻሕፍት ከአዲስ አበባ ገዝተው እንዲልኩ ንገሯቸው፤ ለእነርሱም ዋጋው ይቀንሳል።

ምርጫ ሲባል ልጁም ድምፅ እንዳለው አይዘንጋ። ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ያረፉት ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ሐምሌ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሥነ ጽሑፍ በሰው ሕንጸት ስላለው ድርሻ መልእክት ጽፈው ነበር። በ28 ዓመታቸው በአርጀንቲና በሳንታ ፌ ከተማ ሥነ ጽሑፍ ያስተምሩ እንደ ነበር ይነግሩናል። ተማሪዎቹ የታዘዘውን ጥንታዊ መጽሐፍ ጠልተው የዘመናቸውን ባለቅኔ ጋርሲያ ሎርካን ለማንበብ ለመኑ። ወጣቱ መምህርም ጥንታዊውን በቤታቸው እንዲያነቡ፣ በክፍል ግን የወደዷቸውን ደራስያን እንዲወያዩባቸው ፈቀዱ። በግዴታ ብቻ የሚነበብ መጽሐፍ ፍሬ እንደማያፈራ ያምኑ ነበር። ስለዚህ ልጃችሁ ሦስት ምሽት ሙሉ ካዛጋ መጽሐፉን ለውጡ፤ ኀጢአት የለበትም።

ንባብ የማያደርገው

ታሪክ ማንበብ ሒሳብ አያስተምርም። ይህን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል፤ አንዳንድ ሰዎች ጥሩ መጽሐፍ ሁሉን ይፈታል ሲሉ እንሰማለንና። ለሒሳብና ለሳይንስ የትምህርት ቤቱን መማሪያ መጽሐፍ ከጎረቤትም ቢሆን ተውሶ በየቀኑ በሌላ ሰዓት መሥራት ግድ ነው፤ ቅዳሜ ገበያም ለማባዛትና ለማካፈል መልካም ክፍል ነው። ለ8ኛና ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚቀመጡ ልጆች ደግሞ ከማንኛውም ልብ ወለድ በፊት የፈተናውን መጻሕፍት ይያዙ።

ወቅቱንም ተመልከቱ። በአጨዳና በውቂያ ወራት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ቤተሰብ ሁሉ አውድማ ላይ ሲውል የሚነበብ ነገር ጥቂት ነው። በዚያ ወቅት ሳምንቱን ሁለት ምሽት ብቻ ማድረግ ከነአካቴው ከመተው ይሻላል። ሐዘን የገባበት ቤት ደግሞ አለ፤ በጦርነቱ የሞተበት። እንዲህ ባለው ቤት ለጥቂት ጊዜ ስለ ጦርና ስለ ድል የሚተርክ መጽሐፍ አይነበብ። አንድ ሕፃን የዳዊትና የጎልያድን ታሪክ ሲሰማ ተነሥቶ ከቤት ወጥቶብናል፤ ስለምን እንደ ወጣ ለመረዳት ዘገየን።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

በላስታ የምንገኝ ካቶሊካውያን ጥቂቶች ነን፤ ቤቶቻችንም የተራራቁ ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት መጽሐፍ ይግዛ ከማለት አንድ ሳጥን ማዘጋጀትን መርጠናል። በሳጥኑ ውስጥ 8 መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ ለአራት ቤት ሁለት ሁለት ይደርሳል። መምህሩ በየሦስት ወሩ፣ ይህ መጽሔት ሲታደል፣ መጻሕፍቱን ከቤት ወደ ቤት ያዛውራል። መጽሐፍ ሲመለስ የተቀደደ እንደ ሆነ አትቆጡ፤ ንጹሕ ሆኖ የተመለሰው ነው የሚያሳስበው። ኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶችም ለመዋስ ከጠየቁ ስማቸው በደብተሩ ይመዝገብና ይሰጣቸው።

በስብሰባችሁ ላይ ወላጆችን እነዚህን ጠይቋቸው፦

1. በቤታችሁ ሁሉም ሰው ሳይጠራ የሚቀመጥበት ሰዓት የትኛው ነው? በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ የምትሆነው ማን ናት?

2. ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት፣ ልጆቻችሁ ግን ያልሰሙት ታሪክ አለ? ለምን ሳይነገራቸው ቀረ?

3. ልጃችሁ በመጨረሻ የሰማውን ታሪክ ሳታርሙት እስከ መጨረሻው ሰምታችሁት ታውቃላችሁ?

4. ከሳጥኑ በመጀመሪያ የትኛውን መጽሐፍ ትወስዳላችሁ? የመረጠው ማን ነው፣ እናንተ ወይስ ልጁ?